የትራንዚት ቢሮው ፋይሎች ከዊንዶውስ 11 በኋላ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ረፋድ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ሥራው የአንድ ትራንዚት ቢሮ (የደንበኞችን ዕቃ ጉምሩክ የሚያስጨርስ) ዋና ኮምፒውተር ነው። ቅዳሜ ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድገውታል። ዛሬ ቢሮው ሲከፈት ፋይሎቹ በስም አሉ፤ ሲነኩ ግን ብዙዎቹ አይከፈቱም። የማደርገውን እዚህ እየመዘገብኩ እሄዳለሁ። ነገ ተመሳሳይ ነገር የሚገጥመው ሰው አይጠፋም።

ማሳደጉ በራሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሰው ሰነድ የሚይዝ ቢሮ ደግሞ ድጋፉ ባበቃ ሲስተም መቆየት የለበትም። ነገሩ የተለወጠው ከማሳደጉ በኋላ በሚመጡት ገጾች ላይ ነው። አንዱ ገጽ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ክላውድ) ላይ ባክአፕ ይደረጉ (መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝላቸው) ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊዋ እሺ አለች። ባክአፕ ይደረግልሽ ተብሎ ማን እምቢ ይላል?

አሁን የማየው ይህ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ብዙ ፋይሎች አጠገብ ትንሽ ሰማያዊ ደመና አለ። አንዱን የዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) ስካን ልከፍት ስል «ዜሮ ኤክስ 8007016ኤ» የሚል ኮድ መጣ። የክላውድ ፋይሎችን የሚያቀርበው ፕሮግራም እየሠራ አይደለም ማለት ነው። የቢሮው ኢሜይል ከቅዳሜ ማታ ወዲህ አዲስ መልእክት አልገባበትም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ደግሞ ካምፓኒውን (የቢሮውን የሒሳብ ዳታ) አላገኘሁትም ይላል።

የቢሮው ባለቤት ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «አቦ ልጄ፣ አንድ ደንበኛ ጅቡቲ ላይ ኮንቴነር አለው። የመዘግየት ክፍያው፣ ዲመሬጁ፣ እየቆጠረበት ነው። ሌላው ይቆይ፣ የሱን የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ።

«አብሽር ጋሼ፣ እሱን ከኮምፒውተሩ አንጠብቅም» አልኳቸው። ጅቡቲ ያለው ወኪል ሰነዱን በቴሌግራም እንዲልክ ተደወለ። ብዙም ሳይቆይ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ስልካቸው ላይ ገቡ። እኔም ከዚያ በኋላ ሳልጣደፍ መሥራት ቻልኩ። የሚያጣድፈውን ነገር መጀመሪያ በሌላ መንገድ መጨረስ ያስፈልጋል። ሰው ሲቸኩል የማይመለስ ነገር ይጫናል።

ሰኞ፣ ከምሳ በፊት

ማንም ምንም እንዳይነካ ለመንኩ። ፎርማት ይደረግ ያለ ሰው ነበር። ዋንድራይቭን አጥፍተን እንደገና እንጫነው ያለም ነበር። ዋናው ፎልደር ላይ ፋይሉ በእጥፍ ስለሚታይ የተደገመውን ልሰርዝ ያለም ነበር። የሦስተኛው ሐሳብ ነው በጣም ያስፈራኝ።

ምክንያቱን ለሁሉም ነገርኳቸው። ደመና ምልክት ያለው ፋይል ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። ያለው ስሙና አዶው ብቻ ነው፤ ሥጋው ኢንተርኔት ላይ ነው። ስሙን ከዚህ ብትሰርዙት ያኛውም ይሰረዛል። በግል አካውንት የተሰረዘ ፋይል ኦንላይን ሪሳይክል ቢን ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የለም።

ቢሮው አንድ ላፕቶፕም አለው፤ ሳቢያን ሰፈር ያለው የጋሼ ልጅ ጋ ነው። በዚሁ አካውንት ነው የሚሠራው። ተደውሎ እንዲዘጋው ተነገረው። አንዱን ኮምፒውተር እያስተካከልክ ሌላው ከጀርባ እያጠፋ እንዳይሆን ነው።

ሁለት ነገር ፈትሼ ለምሳ ወጣሁ። አንደኛ፣ «ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ» የሚባለው ፎልደር ሲ ድራይቭ ላይ አለ። ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ መመለስ ቢያስፈልግ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ በራሱ የሚጠፋው ከ10 ቀን በኋላ ነው። አልነካውም። ሁለተኛ፣ ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን አየሁ። አልተቆለፈም። ተቆልፎ ቢሆን 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ሳልይዝ አንድም እርምጃ አልሄድም ነበር።

ሰኞ ከሰዓት

ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቁም ቢሮውም በሩን ገርበብ ያደርጋል። ሙቀቱ ሥራ አያሠራም። ለኔ ግን ይህ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ስልክ አይጮህም፣ ባለጉዳይ አይገባም። ማራገቢያውን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሬ ተቀመጥኩ።

አሁን መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ፋይል ሥጋ የት ነው ያለው?

ለዚህ የሚረዳ ቀላል መለኪያ አለ። ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። ሁለት ቁጥር ያሳያል። «ሳይዝ» የሚለው ፋይሎቹ ቢኖሩ የሚይዙት ቦታ ነው። «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው አሁን ዲስኩ ላይ በእርግጥ የያዙት ነው። በደህና ጊዜ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። እዚህ ግን ሳይዝ 38.2 ጊጋ፣ ሳይዝ ኦን ዲስክ 33.9 ጊጋ ይላል። 4.3 ጊጋ የሚሆን ነገር እዚህ ቤት የለም ማለት ነው።

ከዚያ በራሴ ላፕቶፕ አካውንቱን በድር ከፈትኩ። የነፃው ቦታ 5 ጊጋ ነው፤ ሞልቶ ቀይ ሆኗል። እዚያ ያለው ደግሞ የጎደለው 4.3 ጊጋና ጥቂት ተጨማሪ ብቻ ነው። የቀረው 33 ጊጋ ገደማ ወደ ክላውድ ወጥቶ አያውቅም። ወረፋ ይዞ እየጠበቀ ነው።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቢሮው ፋይሎቹ ሁለት ቦታ ያሉ መስሎታል። እውነታው ለሁለት ተከፍለው መቀመጣቸው ነው። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ አብዛኛው ይጠፋል። አካውንቱ ቢዘጋ የቀረው ይጠፋል። ሙሉው ያለበት አንድም ቦታ የለም። ባክአፕ በርቷል እየተባለ ባክአፕ የለም።

እንዴት እዚህ ደረሰ? ጸሐፊዋን አረጋግቼ ጠየቅኋት። ቅዳሜ ባክአፑ ሲጀምር ፋይል መጫን ጀመረ። 5 ጊጋው ሲሞላ ቆመ። ዲስኩ ደግሞ አሮጌውን ዊንዶውስ ይዞ ስለቆየ ጠበበ፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ። «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጫነች። ያ ደግሞ ክላውድ ላይ የወጡትን ፋይሎች ሥጋ ከዲስኩ አውጥቶ ስማቸውን ብቻ ተወ። ከዚያ ቦታ ሞልቷል የሚለው መልእክት ዕረፍት ሲነሳት ዋንድራይቭን ዘጋችው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳም አብሮ እንዳይነሳ አደረገችው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ደመና ምልክት ያላቸው ፋይሎች መከፈት አቆሙ። ኮዱ የመጣው ከዚያ ነው። እያንዳንዱ እርምጃዋ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው።

ኢሜይሉም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአውትሉክ አድራሻ አባሪዎችና የዋንድራይቭ ፋይሎች ያንኑ 5 ጊጋ ይጋራሉ። እሱ ሲሞላ ደብዳቤ መላክም መቀበልም ይቆማል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ኢሜይሌ ተበላሸ ብሎ ፓስዎርድ ሲቀያይር ይውላል።

ጋሼ ከእረፍት ሲመለሱ፣ «ቦታ ብንገዛስ?» አሉኝ። ጠቃሚ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ክፍያው በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ እሳቸው የላቸውም። ቢኖራቸውም 33 ጊጋ በዚህ ኢንተርኔት መጫን ሌላ ጉድ ነው። በሰከንድ 200 ኪሎባይት ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ሁለት ቀን ሙሉ ይፈጃል። ቦታ መግዛቱም ቢሆን መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ከተገኘ በኋላ ነው። «መጀመሪያ ሁሉም በእጃችን ይግባ ጋሼ» አልኳቸው። ተስማሙ።

ማክሰኞ ጠዋት

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዤ መጣሁ። ታይዋን ገበያ ሄዶ አዲስ መግዛት ይቻል ነበር። ነገር ግን አዲስ ዲስክ ወይም ፍላሽ የሰው ሰነድ ሳላስቀምጥበት በፊት «ኤችቱቴስትደብሊው» በሚባለው ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልቼ አነባለሁ። ላዩ ላይ የተጻፈው መጠን ውስጡ የሌለ ዕቃ አለ። እሱ ጊዜ ስለሚፈጅ የተፈተነውን የራሴን አመጣሁ።

መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ሥጋቸው ያለውን ብቻ መቅዳት ፈለግኩ። በተለመደው ኮፒ ፔስት አይሆንም። ደመና ያለው ፋይል ጋ ሲደርስ ኮፒው ይቆማል፣ ስህተት ያወጣል፣ አንዱን አለፍኩት ስትል ሌላው ይመጣል። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን «ሮቦኮፒ» የሚባል የመቅጃ ትእዛዝ ተጠቀምኩ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ሮቦኮፒ ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ የምንጩን ፎልደር፣ ከዚያ የመድረሻውን። ከኋላው የጨመርኳቸው እነዚህ ናቸው። «ስላሽ ኢ» የውስጥ ፎልደሮችን ሁሉ ያካትታል። «ስላሽ ኤክስኤ ኮለን ኦ» ኦፍላይን ምልክት ያለባቸውን፣ ማለትም ደመና ላይ ብቻ ያሉትን፣ ይዘላል። «ስላሽ ዜድ» መሐል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል ነው። «ስላሽ አር ኮለን 1» እና «ስላሽ ደብሊው ኮለን 1» ደግሞ አንድ ፋይል እምቢ ሲል አንዴ ብቻ ሞክሮ እንዲያልፍ ነው። ይህን ካልነገሩት ሮቦኮፒ በአንድ ፋይል ላይ አንድ ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚሞክረው። አንድ የተበላሸ ስካን ላይ ተቸክሎ ይቀራል።

ከግማሽ ሲያልፍ መብራት ጠፋ። ቢሮው መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) የለውም። ጸሐፊዋ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መብራቱ ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ደግሜ ሰጠሁት። የተቀዳውን እያለፈ የቀረውን ቀጠለ። ለዚህ ነው በማውስ ጎትቶ መቅዳትን የማልወደው። በማውስ ቢሆን ኖሮ የቱ ደረሰ፣ የቱ ቀረ፣ የቱ ግማሽ ሆነ ማለት አይቻልም ነበር።

ከቀትር በፊት 33.9 ጊጋው ዲስኩ ላይ ገባ። ጋሼ ሻይ አዘዙ።

ማክሰኞ ማታ

አሁን ክላውድ ላይ ያለውን 4.3 ጊጋ ማውረድ። ሲ ድራይቭ ላይ 7 ጊጋ ክፍት ስላለ ይበቃል። የቢሮው ኢንተርኔት ቀን ላይ ስለሚንቀራፈፍ በስልክ ሆትስፖት፣ በሌሊት ጥቅል ለማውረድ ወሰንን። ጋሼ ቢሮውን ከፍተውልኝ አብረውኝ አመሹ።

ዋንድራይቭን ከማስነሳቴ በፊት ሴቲንግ ውስጥ የአፕሎድ ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ ገደብኩት። የሚጠብቀው ወረፋ ጥቅሉን እንዳይበላው ነው። ቦታው ሞልቶ ስለሆነ መጫኑ ባይሳካም መሞከሩ አይቀርም።

ዋንድራይቭ ተነሳ፣ ወዲያው ደግሞ ቆመ። ሆትስፖቱን ዊንዶውስ «ሜተርድ» ብሎ መዝግቦታል፤ ዳታ የሚቆጥር ኔትወርክ ሲሆን ዋንድራይቭ ራሱን ያቆማል። ብልሽት አይደለም። ይሁን ግድ የለም፣ ሲንክ አድርግ (ከክላውዱ ጋር አመሳስል) የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ «ፕሮሰሲንግ ቼንጅስ» ላይ ተቸክሎ ቀረ። እዚህ ላይ ሪሴት አስፈለገ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጭኖ የዋንድራይቭን ፕሮግራም መንገድ ከነ«ስላሽ ሪሴት» መጻፍ ነው። ሪሴት ፋይል አይሰርዝም፤ የሲንኩን መዝገብ እንደ አዲስ ይሠራል። ያም ሆኖ ጠዋት ቅጂውን ሳልይዝ ይህን አልነካም ነበር። ከሰዓቱ አጠገብ ያለው የደመና አዶ ጠፍቶ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ተመለሰ።

ከዚያ ዋናውን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጌ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» አልኩት። ሁልጊዜ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ ማለት ነው። ሰማያዊው ደመና አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ክብ ይለወጥ ጀመር። ልዩነቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ነጭ ሆኖ አረንጓዴ ምልክት ያለበት ክብ ፋይሉ አሁን እዚህ አለ፣ ግን ቦታ ሲጠብ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ምልክት ያለበት ግን አይወጣም። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ጋሼ ፋይሎቹ አረንጓዴ ሲሆኑ እያዩ የፎልደሮቹን ስም ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ከተመረቀ ወዲህ ሥራቸው እንዴት እንደተለወጠ፣ ከዚያ በፊት ደረቅ ወደቡ ላይ የነበረውን ወረፋ እያነሱ አጫወቱኝ። ፎልደር ሲባል ለኔ ጊጋባይት ነው። ለሳቸው አንዱ ሲሚንቶ ነው፣ አንዱ የስንዴ ጭነት ነው፣ አንዱ ክፍያው ገና ያላለቀ ደንበኛ ነው።

ረቡዕ ጠዋት

ሌሊቱን ወርዶ አልቋል። ፕሮፐርቲስ ላይ ሳይዝና ሳይዝ ኦን ዲስክ አሁን ተቀራርበዋል። ሮቦኮፒን ያለ ኦፍላይኑ ገደብ ደግሜ ሰጠሁት፤ አዲስ የወረደውን ብቻ ጨመረ። የፋይል ብዛቱ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ከየፎልደሩ ጥቂት ጥቂት እየመረጥኩ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት በፓወርሼል፣ «ጌት ፋይልሃሽ» በሚለው ትእዛዝ የይዘታቸውን አሻራ አነጻጸርኩ። አንድ ናቸው።

ጸሐፊዋ ግን ትናንት ስካን ያደረገችው ሰነድ የትም የለም አለች። ዴስክቶፕ ላይ የለም፣ ዶክመንትስ ላይ የለም፣ ክላውድ ላይም የለም። እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ባክአፑ ሲበራ የዶክመንትስ ትክክለኛ አድራሻ ይለወጣል። ቀድሞ በተጠቃሚው ስም ሥር በቀጥታ ነበር፤ አሁን በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ገብቷል። የስካነሩ ፕሮግራም ግን የድሮውን አድራሻ በቃሉ ይዟል። ስለዚህ በድሮው ቦታ አዲስ ፎልደር ከፍቶ እዚያ ያስቀምጣል። ገብቼ ሳየው ከቅዳሜ ወዲህ ስካን የተደረገው ሁሉ ተደርድሮ አለ። ጸሐፊዋ እልል አለች።

ይህን ልብ በሉልኝ። ከአፕዴት በኋላ አዲስ ፋይል ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የድሮውን አድራሻ ፈትሹ። ስካነር፣ የፋክስ ፕሮግራም፣ ማንኛውም አንዴ ተነግሮት የሚያስቀምጥ ነገር እዚያው ነው የሚጥለው።

ረቡዕ ከሰዓት

ሙሉ ቅጂ ስላለ ባክአፑን ማጥፋት ይቻላል። የዋንድራይቭ ሴቲንግ፣ «ሲንክ ኤንድ ባክአፕ»፣ ከዚያ ለሦስቱም ፎልደሮች ማቆም። ሲቆም ዴስክቶፑ ባዶ ሆነ። አንድ «ፋይሎቼ የት ናቸው» የሚል አቋራጭ ብቻ ቀረ። ጸሐፊዋ ቆማ ታይ ስለነበር አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ ካልተነገረው ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ነው የሚወድቀው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ናቸው።

ከዚያ ወደ ቦታቸው መመለስ። ሁለቱም ቦታ አንድ ድራይቭ ላይ ስለሆኑ የሚለወጠው አድራሻቸው ብቻ ነው፤ 38 ጊጋ በጥቂት ጊዜ ተዛወረ። ሲዛወር ዊንዶውስ ፋይሎቹ ከዋንድራይቭ ይወጣሉ ብሎ ያስጠነቅቃል። እውነት ነው፣ ክላውድ ላይ ያለው ቅጂ ይሰረዛል። እኛም የምንፈልገው ያንን ነው። ኦንላይን ሪሳይክል ቢኑን ግን ለጊዜው እንዳለ ተውኩት።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ፒችትሪ ላይ ዋልኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከጠዋት ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ወንድሜ፣ ሌላው ቢቀር ቢቀር ይህ እንዳይነካብኝ» አለች። ገባኝ። የደንበኛ ሰነድ ወረቀቱ ክላሰር ውስጥ አለ፤ ሒሳቡ ግን ተመልሶ ከዜሮ አይጻፍም።

የካምፓኒው ዳታ ዶክመንትስ ውስጥ ነበር የተቀመጠው። አድራሻው ሲለወጥ ፒችትሪ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላ ነው። የሒሳብ ዳታ አንድ ፋይል አይደለም፤ እርስ በርስ የሚተሳሰሩ ብዙ ፋይሎች ናቸው። አንድ ደረሰኝ ሲመዘገብ በርካታዎቹ አብረው ይለወጣሉ። የሲንክ ፕሮግራም ግን ትስስራቸውን አያውቅም፤ እያንዳንዱን ለብቻው ነው የሚጭነው። መሐል ላይ ከተቋረጠ ግማሹ የዛሬ፣ ግማሹ የትናንት ይሆናል። ይህ የየትኛውም የሲንክ አገልግሎት ባሕርይ ነው፤ ጉግል ድራይቭ ቢሆን፣ ድሮፕቦክስ ቢሆን ለውጥ የለውም። በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ ሲንክ በሚደረግ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ስለዚህ የካምፓኒው ፋይሎች የተለወጡበትን ቀን አየን። ሁሉም ፋይሎች መጨረሻ የተለወጡት ዓርብ ማታ፣ ከማሳደጉ በፊት ነው። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልከፈተውም፤ ካምፓኒውን አላገኘሁም ማለቱ ራሱ ጠብቆታል። ማክሰኞ ከተቀዳው ጋርም አነጻጸርኩት፣ አንድ ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ከዶክመንትስ ውጭ የራሱ ፎልደር ሠርቼለት እዚያ አስቀመጥኩትና ፒችትሪን ወደ አዲሱ አድራሻ መራሁት።

ተከፈተ። እህታችን ግን መከፈቱን ብቻ አይታ አላመነችም፤ ትክክል ነበረች። ያለፈውን ወር ትሪያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ድምር ዝርዝር) አትማ ያስቀመጠችውን ወረቀት አወጣች። እኔ ከስክሪኑ እያነበብኩ እሷ በእስክሪብቶ እየመታች ወረድን። የባንክ፣ የደንበኞች ተሰብሳቢ፣ የጉምሩክ ቅድሚያ ክፍያ። ድምሩ ጋ ስንደርስ ሁለቱም ወገን ልክ መጣ። የዓርብ የመጨረሻዎቹን ደረሰኞችም ከፓዱ ጋር አመሳከረች። ከዚያ በኋላ ነው «አሁን ይሁን» ያለችው።

ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ፒችትሪ ውስጥ ካለው ባክአፕ ትሠራለች። እሱ «ነጥብ ፒቲቢ» የሚል መጨረሻ ያለው አንድ ፋይል ያወጣል። አንድ የተዘጋ ፋይል ስለሆነ እሱን ክላውድ ላይ ማስቀመጥ ችግር የለውም። ሕያው ዳታው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ዛሬ የተደጋገሙትን ማጥራት። ዋናው ኮምፒውተርና ላፕቶፑ አንድ ፋይል ላይ ሲለያዩ ዋንድራይቭ ሁለቱንም አስቀርቶ በአንዱ ስም መጨረሻ ላይ የኮምፒውተሩን ስም ይለጥፋል። እንዲህ ያሉትን በሰርች አወጣኋቸው። አንዳቸውንም በራሴ አልሰረዝኩም። ጸሐፊዋ ሁለቱን ጎን ለጎን እየከፈተች አዲሱን መረጠች፤ አሮጌው «የተለዩ» ወደሚል ፎልደር ሄደ።

የሐምሌ ሰነድም ሁለት ፎልደር ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ግን ከአፕዴቱ ጋር አይገናኝም። አንዱ በ«ሐ»፣ አንዱ በ«ሀ» ተጽፏል። ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፣ ሰርችም አንዱን ሲጽፉለት ሌላውን አያመጣም። አንድ አድርገናቸው ወራቱን በቁጥር ሰየምናቸው፤ 11 ብሎ ከፊት መጻፍ ቅደም ተከተሉንም ያስተካክላል።

በዚሁ ከሰዓት ጋሼ የራሳቸውን ኤክስተርናል ዲስክ ገዝተው መጡ። እስከ ማታ ስፈትነው ቆይቼ ደህና ሲሆን ሙሉውን ቀዳሁበት። ከኔ ዲስክ ጋር ሁለት ቅጂ ሆነ። የኦንላይኑን ሪሳይክል ቢን ያጸዳነው ከዚህ በኋላ ነው። የ5 ጊጋው መለኪያ ከቀይ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ኢሜይል መግባት ጀመረ።

ቅዳሜ

የመጨረሻው አደረጃጀት ይህ ነው። ሁሉም ሰነድ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከዋንድራይቭ ውጭ። በሳምንት አንዴ በሮቦኮፒ ወደ ጋሼ ዲስክ፤ ትእዛዙን ጸሐፊዋ ሁለቴ ክሊክ አድርጋ እንድታስነሳው ፋይል አድርጌ ዴስክቶፕ ላይ አኖርኩላት። ዲስኩ ቢሮ አያድርም፣ ጋሼ ቤት ይሄዳል። ክላውድ ላይ የሚቀመጠው በሂደት ላይ ያሉ ጭነቶች ሰነድና የፒችትሪው ባክአፕ ብቻ ነው። እሱ ከ5 ጊጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስቶሬጅ ሴንስ (ዊንዶውስ በራሱ ቦታ የሚያስለቅቅበት ሴቲንግ) ውስጥም የክላውድ ፋይሎችን በራሱ ከዲስክ እንዳያወጣ «ኔቨር» ላይ አደረግኩት።

ሆትስፖቱን አጥፍቼ ጸሐፊዋን ከየዓመቱ የፈለገችውን ፋይል እንድትከፍት አልኳት። ያለ ኢንተርኔት ሁሉም ተከፈቱ። ከዚያ ጋሼን አስፈቅጄ አሮጌውን ዊንዶውስ ከስቶሬጅ ሴቲንግ አጠፋሁት፤ ዲስኩ ተነፈሰ።

የማይከፈቱ ጥቂት ስካኖች ቀርተዋል። መጠናቸው ዜሮ ኪሎባይት ነው፤ ክላውድ ላይም፣ በቅጂውም እንደዚያው ናቸው። ዝርዝራቸውን አትሜ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ወረቀቶቹ ክላሰር ውስጥ ስላሉ ሰኞ ደግማ ስካን ታደርጋቸዋለች፤ የስካነሩንም አድራሻ አስተካክያለሁ። ሳቢያን ያለው ላፕቶፕ ገና አልተከፈተም። ልጁ ሰኞ ይዞት ሲመጣ መጀመሪያ ፕሮፐርቲሱን አያለሁ፣ ከዚያ እቀዳለሁ፣ ዋንድራይቩን የማስነሳው በመጨረሻ ነው።